ውሃ የሚጠጣው ዱቄት ዩሪያን ይይዛል ወይ? (ቲማቲም፣ አሸዋማ መሬት)

የመቂ ልጅ

ሰላም ቤቶች። መቂ አካባቢ ግማሽ ሄክታር ተከራይቼ ቲማቲም አለማለሁ። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። መሬቱ አሸዋማ ነው፤ በቦይ ውሃ ስለቅበት በወንፊት እንደ መቅዳት ነው፣ ጠዋት ያጠጣሁት ለነገ ማታ ደርቆ ይጠብቀኛል።

ውሃውን ለምጄዋለሁ። ያቃተኝ ዩሪያው ነው። ለግማሹ ሄክታር ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት እጨምራለሁ። ከጨመርኩ በኋላ ለአንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ለአስር ቀን ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ይሆንና ደስ ይለኛል። ከዚያ ከታች ጀምሮ ቢጫ ማለት ይጀምራል። ባለፈው ደግሞ ሠራተኛ ስላረፈደብኝ ቀትር ላይ በትኜ ውሃ ለቀቅኩ። በማግስቱ ማሳው ሁሉ ሽንት ሽንት ይሸታል።

ሰሞኑን የእርሻ ግብዓት የሚሸጥ አንድ ሰው ነጭ ዱቄት አሳየኝ። ስኳር ይመስላል። ቆንጠር አድርጎ ብርጭቆ ውስጥ ጣለና ውሃ ሞላበት። የያዝነውን ቡና ሳንጨርስ ብርጭቆው ሙሉ ጄል ሆነ። ገልብጦ አሳየኝ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። «ይሄን ከዩሪያ ጋር ቀላቅለህ ጨምር፣ ዩሪያውን አፍኖ ይይዝና ቀስ እያለ ይለቅልሃል፣ ዩሪያህን በግማሽ ትቀንሳለህ» አለኝ። የኪሎውን ዋጋ ሲጠራልኝ ግን ጆሮዬ ጮኸ። ሩብ ኪሎ ብቻ ይዤ ወጣሁ።

የሞከረው አለ? እውነት ዩሪያ ይይዛል ወይስ ብርጭቆው ላይ ያየሁት አስማት ነው? በናታችሁ ሳላወጣው ንገሩኝ፣ ችግኝ የማዛውረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ቡና ጠጭ

ያ ዱቄት የልጄ ዳይፐር ውስጥ ያለው ነው ወንድሜ። አንዴ ቀድጄ አይቼዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ይዞ ያድራል እኮ፣ ሽንት ውስጥ ያለው ደግሞ ዩሪያ ነው። ይሠራል በለው ሃሃሃ

አፈር ላብ

ቡና ጠጭ ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ግን ግማሹ ብቻ።

ዱቄቱ እውነትም የዳይፐሩ ዘመድ ነው፣ ፖሊአክሪሌት ይባላል። ዳይፐር ውስጥ ያለው የሶዲየም ነው። ለእርሻ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የፖታሲየም ነው። ስለዚህ እባካችሁ ማንም ሰው ዳይፐር ቀድዶ ማሳው ላይ እንዳይበትን፤ በተለይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ያለውም ሶዲየም በዝቶባችኋል። (በነገራችን ላይ ነገሩ የተወለደው እርሻ ቤት ነው ማለት ይቻላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ የሚገኘው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላብራቶሪ ከበቆሎ ስታርች የሠራው፣ «ሱፐር ስለርፐር» ያሉት ዱቄት ከክብደቱ ብዙ መቶ እጥፍ ውሃ ይጠጣ ነበር።)

አሁን ወደ ዩሪያው። ጄሉ የሚይዘው ውሃውን ነው። ዩሪያው ውሃው ውስጥ ስለሟሟ አብሮ ይገባል፣ በገባበት በር ደግሞ ይወጣል። ጄሉ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው መረብ ነው። ዩሪያ ምንም ቻርጅ የለውም። የሚያስረው ገመድ የለም ማለት ነው። ዙሪያው ያለው አፈር እርጥብ ከሆነ ከጄሉ ሰርጎ ለመውጣት ሰዓታት፣ ቢበዛ ጥቂት ቀናት ይበቁታል። ነጋዴው እንደነገረህ ቀስ እያለ የሚለቅ ነገር የለም።

ከወጣ በኋላ አፈር ውስጥ ዩሪዬዝ የሚባል ኢንዛይም ያገኘውና ወደ አሞኒየም ይቀይረዋል። በሞቀና በረጠበ አፈር ላይ ይሄም የቀናት ጉዳይ ነው። ላይ ላዩን ከተበተነ አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይበራል። በማግስቱ የሸተተህ ሽንት አይደለም፣ ብርህ ነው። ፒኤቹ ከፍ ያለ አፈር ላይ፣ እናንተ ጋ ደግሞ ብዙ ቦታ ከፍ ያለ ነው፣ ይባስ ይበራል።

የተረፈውን አሞኒየም ጄሉ በመጠኑ ሊይዘው ይችላል፣ ፖዘቲቭ ነውና። ግን ባክቴሪያዎች አይተዉትም፣ ናይትሬት ወደሚባል ሌላ የናይትሮጅን መልክ ይቀይሩታል። ናይትሬት ኔጌቲቭ ነው፣ ጄሉ ኔጌቲቭ ነው፣ አፈሩም ኔጌቲቭ ነው። ማንም እጁን አይዘረጋለትም። ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ጓዙን ጠቅልሎ ይከተለዋል። አሸዋማ መሬት ላይ ቶሎ ቶሎ ስታጠጣ በአስር ቀን ቅጠሉ ቢጫ የሚልብህ በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ጄሉ ሊረዳህ የሚችለው እዚች ጋ ነው። ውሃው ሥሩ አካባቢ ከቆየ ናይትሬቱም ይቆያል። ጥያቄው ስንት ውሃ የሚለው ነው፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በንጹህ ውሃ ከክብደቱ 200 እና 300 እጥፍ ሊጠጣ ይችላል። ጨው፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም ያለበት ውሃ ሲሆን ግን በጣም ይወርዳል። የዳይፐሩ ዱቄት 0.9 በመቶ ጨው ባለበት ውሃ ከ30 እስከ 60 እጥፍ ብቻ ነው የሚይዘው። እንለግስለትና 100 እጥፍ እንበል። 10 ኪሎ ዱቄት 1,000 ሊትር ያዘ። አንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 10,000 ሊትር ነው። በሄክታር 10 ኪሎ ብትበትን የያዝከው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ነው። ጤዛ በለው።

እኔን ከምታምነኝ ሩብ ኪሎህን ፈትናት። አንደኛ፣ እኩል መዝነህ አንዱን በዝናብ ውሃ፣ ሌላውን ፓምፕህ በሚያመጣው ውሃ ዘፍዝፈህ አሳድር፣ በማግስቱ ሁለቱንም አጣርተህ መዝን። ሁለተኛ፣ ጄሉን በስኳር ውሃ ዘፍዝፍ። ስኳርም እንደ ዩሪያ ቻርጅ የለውም፣ እንዲያውም ሞለኪዩሉ ከዩሪያ ይበልጣል፣ ስለዚህ እሱ ከወጣ ዩሪያ አስቀድሞ ይወጣል። ጄሉን አውጥተህ ላዩን እጠበውና ንጹህ ውሃ ውስጥ አሳድረው። ከዚያ ውሃውን እንዳትቀምሰው። ጉንዳን ይቅመስልህ።

የአቮካዶ አባት

እኔ ተጠቅሜበታለሁ፣ ቡታጅራ በኩል። ግን ለማዳበሪያ ብዬ አይደለም። አቮካዶ ችግኝ ሳፈላ ከጉድጓዱ አፈር ጋር ቀላቅዬ ነው የተከልኩት፤ ውሃ የማደርሰው በጄሪካን በአህያ ስለነበር በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር የማጠጣው። ጄል ያደረግሁላቸው ጥቂት ናቸው የደረቁት፣ ያላደረግሁላቸው ግን ብዙ ሞቱብኝ። እውነቱን ለመናገር ጄል ያለባቸውን ጉድጓዶች በደንብ ነበር የቆፈርኩት፣ ለሌሎቹ ጉልበቴ አልቆ ነበር። ስለዚህ ሁሉም የጄሉ ሥራ ነው አልልም።

አንድ ምክር፣ ደረቅ ዱቄቱን ጉድጓድ ውስጥ ሰፈር ሰፈር አድርገህ አትጨምር። አንዱን ጉድጓድ እንደዚያ አድርጌ ውሃ ስሰጠው አብጦ ችግኙን ከነሥሩ ወደ ላይ ገፋው። ጠዋት ሄጄ ሳየው ችግኙ ጄል ላይ ተቀምጦ እንደ ጀበና ዘንበል ብሏል።

ሐበሻ ዘዓራቫ

ሰላም ወገኖች ከእስራኤል። የምሠራው ደቡብ፣ ዓራቫ በረሃ ነው፣ ፔፐር የሚመረትበት ግሪንሃውስ ውስጥ። የመቂ ልጅ፣ ያንተ መሬት አሸዋ ከሆነ እዚህ ያለው መሬት ብናኝ ነው። እኔ ባለሁበት ጄል የሚባል ነገር ሜዳ ላይ ሲበተን አላየሁም። ማዳበሪያው ታንከር ውስጥ ይሟሟል፣ ከውሃው ጋር በጠብታ ቱቦ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሄዳል። በቃ። ኔታፊም የሚባለው የእስራኤል ኩባንያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ ከክቡጽ ሐጼሪም (የጋራ እርሻ መንደር ነው) የጠብታ ቱቦ ሲሸጥ የኖረው ለዚህ ነው፤ አሸዋ ምንም አይዝልህም፣ እንዲይዝልህም አትለምነውም፣ ተክሉ በሚበላበት ሰዓት የሚበላውን ያህል ትሰጠዋለህ።

እናንተ ተክሉን እንደ ሠርግ ነው የምታበሉት፣ አንድ ቀን እስኪተፋ፣ ከዚያ ወር ጾም። እንደ ሕፃን ልጅ ነው መመገብ ያለበት። የጠብታ ቱቦ ለግማሽ ሄክታር ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ግን የጄሉ ዋጋ ጆሮህን ካስጮኸው ያንን ብር ሩብ ሄክታር ላይ ቱቦ ቢዘረጋ ስንት ይደርሳል ብለህ አስላው።

ዋልካ

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ቤተሰቦቼ ጤፍና ጓያ ነው የሚዘሩት። አፈሩ ዋልካ ነው። ለአባቴ ልግዛለት? ዩሪያ እሱም ጋ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ክረምቱ ሲያይል ጤፉ ቢጫ ይላል።

አፈር ላብ

ዋልካ፣ በፍጹም እንዳትገዛ። የእናንተ አፈር ራሱ ጄል ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጥቃል። አገራችን ውስጥ እንደዚህ ያለው ጥቁር አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው፤ የአብዛኛው ችግር የውሃ እጥረት ሳይሆን ውሃው አልወርድ ማለቱ ነው። ውሃ ሲተኛበት አፈሩ ውስጥ አየር ያልቃል። አየር ሲያልቅ ባክቴሪያዎች የናይትሬቱን ኦክስጅን መተንፈስ ይጀምሩና ናይትሮጅኑን ጋዝ አድርገው ወደ ሰማይ ይሸኙታል። የመቂው ናይትሮጅን ወደ ታች ይጠፋል፣ የአባትህ ወደ ላይ። ቢጫ የሚለውም ናይትሮጅን አጥቶ ብቻ አይደለም፣ ሥሩ ታፍኖ ነው።

አባትህ የሚያስፈልጋቸው ውሃውን የሚያንጣፍፍ መደብና ቦይ ነው፤ ቢቢኤም የሚሉት በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ የተሠራው ለዚህ አፈር ነው። ዩሪያውንም በአንድ ጊዜ ከዘር ጋር አፍስሰው ከሆነ ይክፈሉት፤ የተወሰነውን በዘር ወቅት፣ የቀረውን ካረሙ በኋላ፣ ውሃ ያልተኛበት ቀን መርጠው።

ቡና ጠጭ

ቆይ ታዲያ «ቀስ ብሎ የሚለቅ ዩሪያ» የሚባለው ነገር ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው? ዩቲዩብ ላይ አሜሪካኖች አረንጓዴ እንክብል ሲበትኑ አይቻለሁ፣ እነሱም ፖሊመር ነው የሚሉት።

አፈር ላብ

ውሸት አይደለም፣ ሌላ ዕቃ ነው። ነጋዴው ዱቄቱን ከዚህ ጋር ያምታታው ይመስለኛል፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ።

ያ እንክብል ዩሪያ ነው፣ ቆዳ የለበሰ። እያንዳንዷ ፍሬ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍናለች። እርጥበት በቆዳው በኩል ቀስ ብሎ ይገባል፣ ውስጥ ያለው ይሟሟል፣ ከዚያ በቆዳው በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል። የሚያዘገየው ቆዳው ነው። አፈሩ በሞቀ ቁጥር ይፈጥናል፣ ይሄ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ተክሉም ሲሞቅ ነው የሚበላው። ቆዳው ቦታ ስለሚይዝ ናይትሮጅኑ ከ46 በመቶ ወደ 44 ገደማ ዝቅ ይላል። ከፕላስቲኩ በፊት በድኝ የሚለብስ ነበር፤ በ1960ዎቹ አላባማ ውስጥ ቲቪኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት ነው የጀመረው።

እዚህ ሱቅ ያለው ዱቄት ግን ስፖንጅ ነው። ስፖንጅና ቆዳ ሁለቱም ፖሊመር ይባላሉ። ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ ሥራቸው አይገናኝም። የምርምር ሰዎች ዩሪያን ጄል ውስጥ አስገብተው፣ ሸክላ አፈር ቀላቅለው፣ ላዩን ሌላ ቆዳ አልብሰው በደንብ እንዲዘገይ አድርገዋል፤ ልብ በል ግን፣ ቆዳውንና ሸክላውን ሲጨምሩ ነው የሚዘገየው። ነጭ ዱቄት ከዩሪያ ጋር በአካፋ አደባልቆ መበተን ያ አይደለም።

አንድ የማይወደድ ነገርም ልጨምር። ሁለቱም አፈር ውስጥ ቶሎ አይበሰብሱም። አውሮፓ ኅብረት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ባወጣው የማዳበሪያ ደንብ ለማዳበሪያ ልባስና ውሃ ለመያዣ የሚሆኑ ፖሊመሮች ከተወሰነ የመሸጋገሪያ ጊዜ በኋላ መበስበሳቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። እኛ ጋ ማንም ሳይጠይቅ ይሸጣል።

የመቂ ልጅ

ተመለስኩ። ፈተናውን ሠራሁት።

ሚዛን የተዋስኩት ከጎረቤት ቅመም ነጋዴ ነው፣ ምን ልትመዝን ነው ብላ ስታየኝ ነበር። 5፣ 5 ግራም መዝኜ አንዱን ባጠራቀምኩት የዝናብ ውሃ፣ አንዱን በጉድጓድ ውሃዬ ዘፈዘፍኩ። ጠዋት በነጠላ አጣርቼ መዘንኩ። የዝናቡ 1 ኪሎ ከ100 ግራም መጣ። የጉድጓዱ ስንት ቢመጣ ጥሩ ነው? 410 ግራም። በዓይን እንኳ ያስታውቃል፣ የዝናቡ ጄል እንደ በረዶ ጥርት ያለ ትልልቅ ነው፣ የጉድጓዱ ግን አሸዋ አሸዋ ይላል። ሱቁ ውስጥ ሰውዬው ብርጭቆው ላይ የጨመረው ውሃ የታሸገ ውሃ እንደነበረ አሁን ነው ትዝ ያለኝ!

የስኳሩን ደግሞ እንዳልሽኝ አደረግኩ፤ ጄሉን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፣ ጠዋት ከዚያ ውሃ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ፣ ከጎኑ ከጄሪካኑ አንድ ጠብታ አድርጌ በረንዳ ላይ ትቼው ሄድኩ። ቁርስ በልቼ ስመለስ አንዱ ጠብታ ዙሪያውን በጉንዳን ታጥሯል፣ ሌላው ጋ አንድም የለም። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም።

አሁን ለግማሽ ሄክታሩ ምን ላድርግ? ዱቄቱን ልተወው?

አፈር ላብ

ጎበዝ! ላብ ውስጥ ብሠራው ከዚህ የተሻለ አላሳይህም።

82 እጥፍ ማለት ነው የያዘልህ፣ ያውም ብርጭቆ ውስጥ። አፈር ሲጫነው ደግሞ እንደ ልቡ አያብጥም። በመስመር 1 ሜትር፣ በተክል 30 ሳንቲም ከተከልክ ግማሽ ሄክታር ላይ ወደ 16,600 ችግኝ አለህ። ለያንዳንዱ 2 ግራም ብትሰጥ 33 ኪሎ ዱቄት ያስፈልግሃል፣ ለችግኙ የተያዘለት ውሃ ደግሞ 160 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ብርጭቆ ተኩል ቢሆን ነው። አሁን ለተዛወረ ችግኝ ይሄ ጥቂት ቀን የሚያሻግር ውሃ ነው። ፍሬ የያዘ ቲማቲም ግን በሞቃት ቀን ሊትር ሊጠጣ ይችላል፣ እሱን ለቁርስም አይበቃው። በምትሰጠው 33 ኪሎ ዋጋ ስንት ጋሪ ፍግ እንደሚመጣ አንተ ታውቃለህ፣ ፍግ ውሃም ይይዛል፣ አሞኒየምም ይይዛል፣ ካልሲየም አያኮማትረውም።

ዩሪያውን በተመለከተ ሁለቱን ከረጢት ለ16,600 ስትካፈል ለአንድ ተክል 6 ግራም ነው። አንድ ላይ አትስጠው። ሦስት ቦታ ክፈለው፣ በአንድ ዙር 2 ግራም፣ በሦስት ጣት የምትቆነጥራት ናት። ስትተክል ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ካደረግክ እሱ ውስጥ 19 በመቶ ናይትሮጅን ስላለ የመጀመሪያውን ዙር ችግኙ ሥር እስኪይዝ አቆየው። ከግንዱ አራት ጣት ራቅ፣ አራት ጣት ጠለቅ አድርገህ ቅበረውና አፈር መልስበት። ከዚያ ነው ውሃ። መጀመሪያ ቅበር፣ ቀጥሎ አጠጣ፣ ውሃውም ቀለል ያለ ይሁን፣ አጥለቅልቀህ ከለቀቅከው የቀበርከውን ራስህ አጥበህ ትወስደዋለህ። ቀትር ላይ ደግሞ ሠራተኛው ቢያረፍድም ለማታ አሳድረው።

ሐበሻ ዘዓራቫ

እሷ ያለችው ላይ ልጨምር፤ ቦዩን አጠር አድርገህ ቁረጠው። ረጅም ቦይ አሸዋ ላይ ከሆነ ውሃው ጫፍ እስኪደርስ መጀመሪያው ላይ ያሉት ተክሎች ሥር ሜትር ሙሉ ሰርጎ ይወርዳል። ዩሪያህም አብሮ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ቀድመው ቢጫ ይላሉ ወይ? አዎ ካልክ እሱ ነው።

የመቂ ልጅ

ኧረ ባክህ! በውሃ መግቢያው በኩል ያሉት ናቸው ሁልጊዜ ቀድመው ቢጫ የሚሉት። እኔ ደግሞ ውሃ ቀድሞ የሚያገኙት እነሱ ናቸው፣ ምን አነሳቸው እያልኩ ዩሪያ እጨምርላቸው ነበር። ቦዬ ከዳር እስከ ዳር 60 ሜትር ይሆናል። ነገ ለሦስት እቆርጠዋለሁ።

ሩብ ኪሎ ዱቄቱ ላይ አሥር ግራም ብቻ ነው የጎደለው፣ የስኳሩን ፈተና በአንድ ቆንጠር ነው የሠራሁት። ሱቁ አልቀበልም እንደሚል አውቃለሁ። በር ላይ አሥራ ሁለት የፓፓያ ችግኝ አለኝ፣ ለእነሱ ከአፈር ጋር በደንብ አሽቼ አደርጋለሁ፣ ለስድስቱ ብቻ። ጉድጓዱን ለሁሉም እኩል ነው የምቆፍረው፣ የአቮካዶ አባት እንዳይስቅብኝ።

የአቮካዶ አባት

ሃሃ ሰምቻለሁ። ስድስቱ የትኞቹ እንደሆኑ ግንዱ ላይ ክር እሰርባቸው፣ በሁለት ወር ትረሳዋለህ።